ንጉሡ ብቻውን ሲቀር

ሰንጠረዥ የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምጠራው ቆጥሬ አላውቅም። የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ የወለድ ሰንጠረዥ፣ የብድር መክፈያ ሰንጠረዥ፣ ማታ ማታ ደግሞ ከካዝናው ጋር የሚመሳከረው የዕለቱ ሒሳብ ሰንጠረዥ እንጀራዬ ናቸው። ይህ የመስመርና የዓምድ ስም ዱሮ የጦር ሜዳ ስም እንደነበር፣ በውስጡም ንጉሥና ፈረስ፣ ዝሆንና እግረኛ ይተራመሱበት እንደነበር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ሕንዶች «ባለ አራት ክፍል ሠራዊት» በሚል ስም የጀመሩት ጨዋታ በፋርስ አልፎ፣ በዐረብ አንደበት ተገርቶ፣ ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሰንጠረዥ ተባለ። ጨዋታው ሞተ፤ ስሙ ግን ሒሳብ ቤት ተቀጥሮ ይኖራል።

ወደዚህ ነገር የመራኝ የታሪክ ፍቅር ቢሆን ኖሮ በኮራሁ ነበር። የመራኝ ግን የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ይህን ስል ፊታቸውን የሚያጨማድዱ አንባቢያን ይታዩኛል። ግጥም እጽፋለሁ የሚል፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ የሰው ገንዘብ በእጁ የሚያልፍ ሰው ከድንክ ተዋጊና ከጠንቋይ፣ ከሙታን ሠራዊትና እሳት ከሚተፋ ዘንዶ ጋር ምን አገናኘው? ደጀን አገናኘው።

ከተማችን የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውራ ጎዳና ከጎሐ ጽዮን ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ፣ ከሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ተጠማዝዞ እኛ ላይ ይወጣል። ማታ ጉሙ ከገደሉ ሲነሣ ብርዱ ሰውን በጊዜ ቤቱ ያስገባል። የአማራ ክልል እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 በአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሥር ከዋለ ወዲህ ደግሞ በጊዜ የምንገባበት ምክንያት ብርዱ ብቻ አልሆነም። የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመባቸው በእነዚያ ወራት ቤቱ የገባ ሰው ወይ ይተኛል፣ ወይ ያነባል፣ ወይ ይጫወታል። እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ላፕቶፕ ፊት ተቀመጥን።

ጨዋታው «ዌስኖዝ» ይባላል፤ በሙሉ ስሙ «ዘ ባትል ፎር ዌስኖዝ»። ዴቪድ ኋይት የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው፣ ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች እየተቀባበሉ ያሳደጉት፣ ተራ በተራ የሚካሄድ የስልት ጨዋታ ነው። በነጻ ይታደላል። አሮጌ ላፕቶፕ አይንቅም፤ ኢንተርኔትም አይለምንም። ከአንዱ ፍላሽ ወደ ሌላው እየተገለበጠ፣ የማን መጀመሪያ እንደነበር ሳይታወቅ፣ እኛ ዘንድ ደረሰ።

ሜዳው እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን ቤቶች የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ ወገን አንድ መሪ አለው፤ መሪው ግንቡ ላይ ቆሞ በወርቅ ወታደር ይቀጥራል፤ ወርቁ በየተራው ከያዛቸው መንደሮች ይገባለታል። አንዱ ሠራዊቱን ሁሉ አንቀሳቅሶ፣ የሚመታውን መትቶ፣ ተራዬን ጨርሻለሁ ይላል፤ ከዚያ ሌላው ይቀጥላል። ቀንና ሌሊት ይፈራረቃሉ። የሰው ልጅ ወታደሮች አብዛኞቹ በቀን ምታቸው በሩብ ይጨምራል፣ በሌሊት በሩብ ይቀንሳል፤ ኦርክ የሚባሉት አስፈሪ ፍጡራንና ሙታን ግን የሌሊት ጌቶች ናቸው። መሬቱም ይዋጋል። ተራራ ላይ የቆመ ሰው ከአሥር ምት ስድስቱን ያመልጣል፤ ውኃ ውስጥ የገባ ከአሥሩ ሁለቱን ብቻ። ገደል አፋፍ ላይ ለተወለደ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም።

ጠቡ የሚጀመረው እዚህ «ከአሥር ስድስት» ላይ ነው። ጨዋታው ከእያንዳንዱ ምት በፊት ዕድሉን በቁጥር ያሳያል፤ ምንም አይደብቅም። ቢሆንም የጠንቋይ ምት ከመቶ ሰባውን ጊዜ ያገኛል ተብሎ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሲስት ማየት ሰውን ከሃይማኖቱ ያወጣል። ከሺህ አንድ ሃያ ሰባት ጊዜ እንዲህ መሆኑ እንደማይቀር አስልቼ ለባልደረባዬ አሳይቼዋለሁ። እርሱ ቀኑን ሙሉ የሁለት መቶ ብር ኖት እሽግ ሳይዛነፍ የሚቆጥር ሰው ነው። ማታ ግን «ይህ ማሽን ሰው ይለያል» ብሎ ይምላል።

ቅሬታው የእርሱ ብቻ አይደለም። የ«ሲቪላይዜሽን» ፈጣሪ ሲድ ማየር እ.ኤ.አ. በ2010 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ለጨዋታ ሠሪዎች ባደረገው ንግግር ይህንኑ ተርኮታል። ሦስት ለአንድ በሆነ ብልጫ የገጠመ ተጫዋች ከአራት ውጊያ አንዱን ይሸነፋል፤ ሒሳቡ ይህ ነው። ተጫዋቾቹ ግን አልተቀበሉትም፤ ሦስት ለአንድ ማለት ለእነርሱ ማሸነፍ ማለት ነው። እነርሱ አንዱን ሆነው ሦስቱን ሲያሸንፉ ደግሞ ቅሬታ ያቀረበ አልነበረም። ማየር ለስሜታቸው ቦታ ሰጠ፤ ጨዋታውን አስተካከለላቸው። የዌስኖዝ ሠሪዎች ግን ዕድል የጨዋታው አካል ነው ብለው ለረጅም ጊዜ ጸኑ፤ ቆይተው ዕድሉን የሚያለዝብ አማራጭ ቢጨምሩም ነባሩን ሕግ ለሚወደው ተዉለት። እኔ በሙያዬ ምክንያት ከኋለኞቹ ጋር ነኝ። ደንበኛው ደስ እንዲለው ሲባል ቁጥር ማስተካከል በእኛ ቤት ሌላ ስም አለው።

ቆይቼ ሳስተውል ግን ባልደረባዬን ያበሳጨው መሸነፉ አልነበረም፤ ሰው እያየው መሸነፉ ነበር። ክፍሌ ጠባብ ናት። ሁለት ተጫዋቾች አንዱን ላፕቶፕ እየተቀባበልን ስንፋለም፣ አልጋው ጠርዝ ላይ የአከራዬ ልጅ፣ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ይቀመጣል፤ በርጩማው ላይ ጎረቤቴ የሆኑ መምህር፤ በሩ ላይ ደግሞ ከግቢው ተከራይ የመጣው ሁሉ። አንዳቸውም ዝም አይሉም። «ኧረ ፈረሰኛውን መልሰው!» ይላል አንዱ። «ሊመሽብህ ነው፣ ተራራው ላይ ውጣ!» ይላል ሌላው። አንድ ማታ ለሥራ ብቅ ያለ የኮሌጅ ጓደኛዬ ይህን አይቶ ተገረመ። እርሱ ቼዝ የሚጫወት ሰው ነው፤ ቼዝ ደግሞ በዝምታ ነው። እንዲህ ያለ ጨዋታ አይቼ አላውቅም አለ። ከወር በኋላ አትሞ የላከልኝ ጽሑፍ ግን እንዲህ ያለ ጨዋታ እንደነበረን የሚመሰክር ሆነ።

ጽሑፉ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ታሪክና ሥርዓት ያወጡት ነው። በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱት ነበር። እኔን የያዘኝ ግን የእንግሊዛዊው የሄንሪ ሶልት ምስክርነት ነው። ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 ትግራይ ውስጥ ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ተቀምጦ ጨዋታውን ተመልክቷል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ያልተዋቡ ነበሩ። የሚበላውን ጠጠር ከቦታው የሚያነሡት በእርጋታ አልነበረም፤ በኃይል መትተው ነበር የሚያስፈነጥሩት። ጫጫታውም ጉድ ነው። በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ፣ ባሪያዎቹ ሳይቀሩ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመክራል፤ ይህን አድርግ፣ ያን ተው ይላል።

ባሪያዎቹ ሳይቀሩ። እዚህች ላይ ብዙ ቆየሁ። በዚያ ግቢ ውስጥ ባሪያ ለጌታው «ይህስ አያዋጣም» የሚልበት ሌላ ምን ቦታ ነበረ? ይህን ነጻነት ነው ብዬ ላወድሰው አልደፍርም። ጨዋታው ሲያልቅ ባሪያው ባሪያ ነው፤ ጨርቁ ሲታጠፍ አፉም ይታጠፋል። ቢሆንም ጌታው ምክሩን የሚሰማው ከቸርነት የተነሣ እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ ማሸነፍ ስለሚፈልግ ነው። ጠጠሩ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ የተናገረው ሰው ትክክል መሆኑና አለመሆኑ በሁለትና በሦስት ተራ ውስጥ ይገለጣል። በምሠራበት ቤት ግድግዳ ላይ የአስተያየት መስጫ ሣጥን አለ። ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ስትጠይቁ ግን ሁሉም ሌላ ሰው ይጠቁማል። ከዚያ ሣጥንና ከራስ ወልደ ሥላሴ ጨዋታ አንዱን ምረጥ ብባል አላመነታም።

የጨዋታው ሥርዓት ራሱ ከዛሬው ቼዝ ይለያል። ሜዳው በጥቁርና በነጭ የተዥጎረጎረ አይደለም፤ ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ የተሰመሩ ስድሳ አራት ቤቶች ናቸው። ንጉሥ አለ። ከጎኑ የሚቆመው ፈርዝ የሚባለው ነው፤ የዛሬዋ ንግሥት ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ስትጠርግ፣ ፈርዝ በሰያፍ አንዲት ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል፣ ማለትም ዝሆኑ፣ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፤ ስለዚህም ዕድሜውን ሙሉ ከስድሳ አራቱ ቤቶች ስምንቱን ብቻ ነው የሚረግጠው። ፈረስና ደር እንደ ዛሬው ናቸው። መደቅ የሚባለው እግረኛ ገና ሲነሣም አንድ እርምጃ እንጂ ሁለት አያውቅም። አውሮፓውያን በዐሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ንግሥታቸውንና ጳጳሳቸውን አበርትተው ጨዋታውን አፈጠኑት። የእኛው በቀድሞው እርምጃ ቀጠለ።

ይህን «ኋላ ቀርነት» የሚል ሰው ወረራን ይስማ። ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለም! ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እንዳሻቸው፣ የፈለጉትን ያህል ጊዜ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ያሰለፈውን ያፈርሳል፣ እንደገና ያሰልፋል። ይህ ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ይቀጥላል፤ አንድ ጠጠር ከተበላ በኋላ ግን ተራ ይገባል፣ ሕግ ይጸናል። የዛሬ ቼዝ ተጫዋች የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ዐሥራ አምስት እርምጃዎች ከመጽሐፍ ሸምድዶ ይመጣል። ለወረራ ግን የሚሸመደድ ነገር የለም። «ሂሮስ ኦፍ ማይት ኤንድ ማጂክ ሦስት» በተባለው የ1999 (እ.ኤ.አ.) ጨዋታ ውስጥ ከውጊያ በፊት ሠራዊትን የማሰለፍ ችሎታ አለ፤ በዚያ ግን የሚያሰልፈው በችሎታው የበለጠው ወገን ብቻ ነው፣ ሌላው ቆሞ ያያል። ወረራ ሁለቱንም ያተራምሳል። እኔ የጎጃም ሰው ስለሆንሁ ይሆናል ቅኔ ቤት ትዝ ያለኝ። ዋሸራም ሆነ ዲማ የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ የራስ ማድረግ ነውር ነው፤ ተማሪው የራሱን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፣ እዚያው ይታረማል።

ከወረራ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ግን የማሸነፉ ሕግ ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1868 የታተመው የቆንስሉ የዋልተር ፕላውደን የጉዞ መጽሐፍም ያወሳዋል። በሰንጠረዥ ንጉሥን መያዝ ብቻ አይበቃም፤ በምን እንደያዝኸው ይጠየቃል። በደር ወይም በፈረስ የያዘ አሸነፈ ይባላል እንጂ አይወደስም። በፊል የያዘ ይበልጣል፤ በፈርዝ፣ በፈርዝና በፊል እያለ ክብሩ ይወጣል፤ በመደቅ፣ በዚያ በታናሹ እግረኛ፣ የያዘ ተመልካቹ ይጮህለታል። ከዚህም የሚከብድ አለ። ጠጠሮቹ ሁሉ አልቀውበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም። ከመደቅ ሌላ አንድ ጠጠር ብቻ የቀረው እንደሆነ፣ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ንጉሡ መያዝ አለበት፤ ካለፈ አለፈ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሕግ ለኃይለኛው ምን እንደሚለው አስብ። የባላጋራህን ሠራዊት ጠራርገህ ከበላህ ድል ታጣለህ። ማሸነፍ ከፈለግህ ለተሸናፊው አንድ ነገር መተው አለብህ፤ ያንንም እያየህ በቶሎ መጨረስ አለብህ። በዘመኑ የስልት ጨዋታዎች ተጫዋቾች ሁልጊዜ የሚያነሡት ቅሬታ አለ፤ አሸናፊው በግማሽ መንገድ ላይ ይታወቃል፣ የቀረው ሰዓት የተበተነውን እያሳደዱ መልቀም ነው፣ ለሚለቅመው አሰልቺ፣ ለሚለቀመው ውርደት። ለዚህ ሠሪዎቹ ብዙ መላ ይሞክራሉ፤ የተራ ገደብ ያበጃሉ፣ ነጥብ ይቆጥራሉ። የእኛ ሰዎች በአንድ ቀይ ጨርቅ ላይ መልሰውት ነበር። ለእኔ ሰንጠረዥ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ሕግ ይህ ነው፤ ከወረራም ይበልጣል።

ጨዋታው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ባሉት ዓመታት እንደጠፋ ፓንክረስት ይጽፋሉ። የመኳንንት ግቢ ሲበተን በዙሪያው የሚጮኸውም ተበተነ። እኛ ከሞት ልናስነሣው አልሞከርንም፤ ልንቀምሰው ያህል ግን ከአከራዬ የተዋስነውን የተቀደደ አንሶላ በእስክሪብቶ አስምረን፣ የቢራና የለስላሳ ቆርኪ ሰብስበን ሁለት ቅዳሜ ተጫወትን። ወረራ ላይ ያየሁት የሚረሳ አይደለም። መምህሩ በቼዝ ሁላችንንም የሚያሸንፉ ሰው ናቸው። ወረራ ላይ ግን እጃቸው ታሰረ፤ ልጁ በሁለት እጁ ቆርኪዎቹን ሲያሯሩጥ እርሳቸው «ቆይ፣ ቆይ፣ ተራ የማን ነው?» ማለት አልተዉም። ልጁ ሁለት ጊዜ አሸነፈ። ሁለተኛውን በመደቅ ሲጨርስ ቤቱ ተደበላለቀ፤ ባልደረባዬ፣ ያ ማሽን ሰው ይለያል የሚለው፣ ከሁሉ አብልጦ ጮኸ።

ልጁ ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ተመልካች መሆን አልቻለም። ዌስኖዝ የራስን ሜዳ መሥሪያ መሣሪያ አለው፤ ሕጉንም በቀላል የጽሑፍ ፋይል መለወጥ ይቻላል። ለሦስት ሳምንት ላፕቶፑን እየተዋሰኝ የሚያውቀውን ሜዳ ሠራ። ገደል፣ ወንዝ፣ አንድ ድልድይ፤ በወዲህ አፋፍ አንድ ግንብ፣ በወዲያ አፋፍ ሌላ። ስም አልሰጠውም። ስም ባይሰጠውም ሁላችንም ዐወቅነው። እርግጥ የእኛው ዓባይ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በጃፓን እርዳታ የተሠራ ሁለተኛ ድልድይም አለው፤ ልጁ ግን አንዱን ነው ያስቀመጠው፤ ሁለት ከሆነ ጦርነት አይሆንም አለ።

የመጀመሪያው ሙከራ በጩኸት ተጀመረ፣ በጩኸት አለቀ። ድልድዩን ቀድሞ የያዘ ሁልጊዜ ያሸንፋል። የወንዙ ውኃ ውስጥ የገባ ከአሥር ምት ስምንቱ ያገኘዋል፤ የተራራው ሰው ከላይ ይጠብቀዋል። «የመጀመሪያ ተራ የደረሰው አሸነፈ ማለት ነው፣ ይህ ዕጣ እንጂ ጨዋታ አይደለም» አሉ መምህሩ፤ የቅዳሜውን ሽንፈት የረሱ አይመስሉም። ልጁ ፊቱ ቀላ። «ጋሼ፣ ድልድዩን የያዘ ያሸንፋል አሉኝ። ታዲያ እውነቱ እንደዚያ አይደል?» አለኝ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ። መልስ አልነበረኝም። እውነቱን መሥራትና ጨዋታ መሥራት ሁለት ሥራ መሆኑን ለማስረዳት ሞከርሁ፤ ሳስረዳው ራሴም ያልተዋጠልኝን ነገር።

የቅሬታ ደብተር ያዘ። ገንዘብ ቤት እንደምንይዘው ዓይነት ነው፤ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ቅሬታ፣ የተወሰደ እርምጃ። እርሱም ሰንጠረዥ ነው፤ ይህን ስነግረው ሳቀ። በቁጥር አንድ ቅሬታ ላይ የወሰደው እርምጃ ከቀይ ጨርቁ የተቀዳ ነው። በመጀመሪያዎቹ ተራዎች ድልድዩን ዘጋውና ሁለቱም ወገን በየአፋፉ እንዲሰለፉ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ እንዲያፈርስና እንዲሠራ አደረገ፤ ድልድዩ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ሰባቱንም እርምጃ አስገባ፤ አንድ ወታደር ብቻ የቀረው መሪ ሰባት ተራ ከቆየ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ያልቃል። እዚህ ላይ ባልደረባዬ «የደከምሁበትን ድል ልትነጥቀኝ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ቁጥር አራት ሆኖ ተመዘገበ። በእርምጃው ዓምድ ላይ ልጁ «የለም» ብሎ ጻፈ።

ልጁ ሲያድግ ጨዋታ ሠሪ ልሁን ይላል። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን መሥራቱን፣ ገበጣንም ለእጅ ስልክ ማብቃቱን ሰምቷል። እናቱ ይህን ሥራ ነው ብለው አይቀበሉም። አንድ ማታ ግን ቡና ይዘውልን ሲገቡ ቆም ብለው ተመለከቱ። ልጁ ደስ ብሎት አስረዳቸው፤ ይህ የኛ ወገን፣ ይህ የነሱ፣ እነዚህ ትንንሾቹ ቤቶች መንደር ናቸው፣ የያዛቸው ወርቅ ያገኛል።

ጥቂት ተራ አዩ። በወንዙ ዳር ያለችው መንደር ስትያዝ፣ ስትለቀቅ፣ እንደገና ስትያዝ አዩ። ባንዲራዋ ብቻ ይለወጣል።

«ይች መንደር ስንት ጊዜ ተያዘች?» አሉ።

«አምስት ጊዜ» አለ ልጁ።

«አምስት ጊዜ ተይዛ አሁንም ወርቅ ትሰጣለች?» አሉና ጀበናውን አንሥተው ወጡ።

ከተመልካቾቹ ማንም ምንም አላለም። ላለፉት ወራት በዚያች ክፍል ውስጥ ስለ ዕድል፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ ፈረሰኛ፣ ስለ ሌሊትና ቀን ያልተነሣ ቅሬታ አልነበረም፤ ስለ መንደሮቹ ግን አንድም ሰው አንሥቶ አያውቅም። የዌስኖዝ መንደር የያዘውን ወታደር ቁስል ይጠግናል፣ ወርቅ ይከፍላል፣ አይጎዳም፣ አይሰደድም። ብዙ ሺህ ተጫዋች ለሃያ ዓመታት የተነጋገረበት ጨዋታ ነው፤ እኔም ዘወትር የምጫወተው ነው።

ልጁ በደብተሩ ላይ ቁጥር ሰባት ብሎ የእናቱን ቃል እንዳለ ጻፈው። ከጨዋታው የመሬት ሥዕሎች መካከል ጣሪያው የወደቀ፣ የፈረሰ መንደር የሚያሳይ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት መንደሮቹ ሦስት ጊዜ እጅ ከቀየሩ በኋላ ወደዚያ ሥዕል እንዲለወጡ አደረገ። የፈረሰ መንደር ወርቅ አይሰጥም፤ ቁስልም አይጠግንም።

እኔና ባልደረባዬ ሞከርነው። በዐሥራ ሁለተኛው ተራ ላይ በወንዙ ዳር አንድም የቆመ መንደር አልነበረም። በዐሥራ አምስተኛው እርሱም እኔም ወታደር የምንቀጥርበት ወርቅ አጣን። በእኔ አፋፍ ሦስት፣ በእርሱ አፋፍ ሁለት ወታደሮች ቀሩ፤ ድልድዩ ክፍት ነው፣ የሚሻገር ግን የለም፤ የተሻገረ እንደሚያልቅ ሁለታችንም ቆጥረናል። ተራችንን ሳንንቀሳቀስ መጨረስ ጀመርን። ቀኑ መሸ፣ ነጋ፣ ደግሞ መሸ።

«ይህ ጨዋታ ተበላሽቷል» አለ ባልደረባዬ። «የሚሠራ ነገር የለም እኮ።»

መምህሩ ተበላሽቷል አይደለም፣ አልቋል ነው የሚባለው አሉ። የለም፣ አሸናፊ ከሌለ አላለቀም አለ ሌላው ከበሩ። ክርክሩ እስከ ሦስት ሰዓት ዘለቀ፤ እናትየውም ከውጭ ሆነው መብራቱን አጥፉ እስኪሉ ድረስ ማንም አልተሸነፈም። ልጁ ሁሉንም ሰማ፤ ቁጥር ስምንት ብሎ የባልደረባዬን ቅሬታ አሰፈረ። የእርምጃውን ዓምድ ባዶ ተወው። ለቅዳሜ መንደሮቹ ከሦስት ይልቅ አራት ጊዜ እንዲችሉ ያድርግ ወይስ እንዳሉ ይተዋቸው ብሎ ጠይቆኛል፤ እኔ እንዳሉ ይተዋቸው ባይ ነኝ፣ ባልደረባዬ አምስት ይላል።